የስድስት ወር ዋስትና፣ የሁለት ወር ባትሪ

ባለፈው ዓመት ለላፕቶፔ የገዛሁት ምትክ ባትሪ የስድስት ወር ዋስትና ነበረው። ባትሪው ሁለት ወር እንኳ በቅጡ ባይቆይም ሱቁ ዋስትናውን አልካደም፤ ያለ ብዙ ጭቅጭቅ ሌላ ባትሪ ሰጠኝ። ያም እንደ ፊተኛው ሲሆን ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁርም እንደገና ለወጠልኝ። የመጨረሻው ባትሪ መድከም ሲጀምር ግን ስድስቱ ወር አልቆ ነበር፤ የዋስትናው ጊዜ የሚቆጠረው መጀመሪያ ገንዘብ ከከፈልኩበት ቀን እንጂ እያንዳንዱን ባትሪ ከተረከብኩበት ቀን አልነበረምና። ስለዚህ የእኔ ቅሬታ ከተለመደው ትንሽ ለየት ይላል። ዋስትና ተከልክያለሁ ብዬ አይደለም የምጽፈው። ዋስትናው በወረቀቱ ላይ እንደ ሰፈረው አንድም ሳይጎድል ተፈጽሞልኝ በመጨረሻ እጄ ላይ የቀረው የማይሠራ ባትሪ ነው።

ላፕቶፑ ለቢሮ ሥራ ተብሎ የተሠራ፣ አገልግሎ ከውጭ የመጣ ጠንካራ ዕቃ ነው። እንዲህ ያለው ላፕቶፕ በመገናኛና በቦሌ አካባቢ ባሉ የኮምፒዩተር ሱቆች በብዛት ይሸጣል፤ የውጭ ድርጅቶች ለሦስት ወይም ለአራት ዓመት ተጠቅመውበት ሲያሰናብቱት በዱባይ በኩል ወይም በተጓዥ ሻንጣ አዲስ አበባ ይደርሳል። ፕሮሰሰሩም፣ ስክሪኑም፣ ኪቦርዱም ገና ብዙ ዓመት የሚያገለግሉ ሲሆኑ ቀድሞ የሚደክመው ባትሪው ነው፤ ስለዚህም ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ የምትክ ባትሪ ገዢ መሆኑ አይቀርም። መብራት በማይቋረጥበት ከተማ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ጠረጴዛ ላይ ተሰክቶ እንደ ልብ ያሠራ ይሆናል። እኛ ጋ ግን መብራት ለአንድ ደቂቃ ጠፍቶ ሲመለስ የግማሽ ቀን ጽሑፍ ይዞ ሊሄድ ይችላልና፣ በጽሑፍ ሥራ ለሚተዳደር ሰው ባትሪ የምቾት ሳይሆን የሥራ ዕቃ ነው።

ነገሩ የት ላይ እንደሚበላሽ ለመረዳት የባትሪውን ሆድ ዕቃ ማወቅ ይጠቅማል። በልባሱ ውስጥ ሦስት፣ አራት፣ ስድስት ወይም ከዚያ በላይ የሊቲየም አዮን ሴሎችና እነሱን የምትቆጣጠር አንዲት የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አሉ። አንዱ ሴል በአማካይ 3.7 ቮልት ገደማ ይሰጣል፤ ሲሞላ አብዛኛውን ጊዜ 4.2 ቮልት ይደርሳል። ሦስቱ በተከታታይ ሲያያዙ በብዙ ባትሪዎች ላይ ተጽፎ የምናየው 11.1 ቮልት ይገኛል። በተከታታይ የተያያዙ ሴሎች እንደ ሲራራ ነጋዴ ናቸው፤ ጉዞው ከደካማዋ በቅሎ አይቀድምም። ከሴሎቹ አንዱ ሲደክምና ቮልቴጁ ከተወሰነው ወለል በታች ሲወርድ፣ የቀሩት ገና ብዙ ኃይል ቢኖራቸውም እንኳ ሰሌዳዋ ለደኅንነት ስትል ሁሉንም ትዘጋለች። ስክሪኑ 40 በመቶ እያሳየ ላፕቶፑ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ድርግም የሚለው ብዙውን ጊዜ ለዚህ ነው። ያ 40 በመቶ የሚባለው ቁጥር ራሱ ግምት ነው፤ ሰሌዳዋ ላይ ያለችው ቺፕ የገባውንና የወጣውን ኃይል እየቆጠረች የምትናገረው ሲሆን፣ ቺፗ ከሌላ ባትሪ የተወሰደች ወይም ቁጥሯ እንደገና የተጻፈባት ከሆነች የምትናገረው ስለ ሴሎቹ ሳይሆን ስለተጻፈባት ነገር ነው።

እንግዲህ ሱቅ ውስጥ የሚደረገውን ፍተሻ ከዚህ ጋር አስተያዩት። ወጣቱ ሻጭ ባትሪውን ይገጥማል፤ ላፕቶፑ ይበራል፤ የቻርጅ መብራቷ ትታያለች፤ ከታች በስተቀኝ ጥግ ላይ ቁጥር ይመጣል። «ይኸው ጋሼ፣ ይሠራል» ይላል፤ ደግሞም አልዋሸም። ነገር ግን የታየው ባትሪው መኖሩ ብቻ ነው፤ ምን ያህል ኃይል እንደሚይዝና ሥራ ሲበዛበት ቮልቴጁ እንዴት እንደሚሆን አልታየም። ለዚያ ሰዓታት ያስፈልጋሉ፤ ሻጩ ለአንድ ባትሪ ሰዓታት አይሰጥም፤ ገዢውም ቆሞ አይጠብቅም። በመሆኑም ጉድለቱ ሁልጊዜ የሚገኘው ቤት ነው፤ ቤት የተገኘ ጉድለት ደግሞ ወዲያውኑ «አጠቃቀም» የሚባል ስም ይሰጠዋል።

አዲስ ባትሪ ለማንሳት በሄድኩ ቁጥር የቀረበልኝ ማብራሪያ ይኸው አጠቃቀም ነበር። አንደኛው ማብራሪያ «ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ላይ ስለሚያሳድሩት ነው» የሚል ነው። ባትሪን ለወራት ሞልቶ በሙቀት ማቆየት ዕድሜውን እንደሚያሳጥረው እውነት ነው፤ ሆኖም ባትሪው ሲሞላ መሙላቱን የሚያቆመው የላፕቶፑ የቻርጅ ሰርኪዩት እንጂ እኔ አይደለሁም፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግማሽ አቅሙን የሚያጣ ባትሪም በማደሩ ብቻ አይገደልም። አምራቾች በአጠቃላይ የላፕቶፕ ባትሪ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ ከተራገፈ በኋላ አቅሙ ወደ 80 በመቶ ይወርዳል ብለው ያስባሉ። በየቀኑ አንድ ጊዜ ሞልቶ ቢራገፍ እንኳ በሁለት ወር ውስጥ 60 ዙር ብቻ ነው። ሁለተኛው ማብራሪያ «መጀመሪያ ሲገዙት አሥራ ሁለት ሰዓት ቻርጅ አላደረጉትም» የሚለው ነው፤ ይህ በኒኬል ባትሪዎች ዘመን የነበረ ምክር ሲሆን ባትሪዎቹ ከገበያ ሲወጡ ምክሩ ብቻ ሱቅ ውስጥ ቀርቷል። ሦስተኛውና እጅግ ያበሳጨኝ፣ ባትሪው ሲያብጥ የሚሰጠው ምክንያት ነው። «ካበጠ ዋስትና የለውም» ይባላል፤ ልክ እብጠቱ ከውጭ የደረሰ ጉዳት ይመስል። ባትሪ የሚያብጠው በውስጡ ያለው ፈሳሽ ሲበላሽ ጋዝ ስለሚፈጠር ነው፤ በአዲስ ባትሪ ላይ በአጭር ጊዜ ሲታይ ከሁሉ አስቀድሞ መጠርጠር ያለበት የሴሉ ጥራት ነው። እንዲህ ያለውን ባትሪ ወዲያውኑ አውጥቶ ቻርጅ ማድረጉን መተው እንጂ መጫን ወይም መብሳት አይገባም፤ ሻጩ ግን ይህን ሊነግረኝ ይቅርና በአውራ ጣቱ ተጫን ተጫን እያደረገ ነበር የሚያየው።

ሻጮቹ ሁሉ አጭበርባሪዎች ናቸው ብዬ አላምንም። ከብዙዎቹ ጋር ሳወራ የተረዳሁት እነሱም ዋስትና የሌላቸው መሆኑን ነው። ባትሪው እዚህ የሚደርስበትን መንገድ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2016 ጀምሮ በዓለም አቀፍ የበረራ ደንብ መሠረት ለብቻቸው የታሸጉ የሊቲየም አዮን ባትሪዎች በመንገደኞች አውሮፕላን በጭነትነት እንዳይጫኑ ተከልክሏል፤ በጭነት አውሮፕላን ሲላኩም ከ30 በመቶ በላይ ተሞልተው መሆን አይገባቸውም። ተጓዥ ግን ከ100 ዋት-ሰዓት (ባትሪ የሚይዘው ኃይል መለኪያ ነው) ያልበለጠ ትርፍ ባትሪ ለግል መገልገያው በእጅ ሻንጣው መያዝ ይፈቀድለታል፤ የላፕቶፕ ባትሪ ደግሞ አብዛኛው ከዚህ በታች ነው። ስለዚህ ትንንሽ ነጋዴዎች ዕቃቸውን ከዱባይ ወይም ከጓንዡ ጥቂት ጥቂት እያደረጉ ያስመጣሉ። የተበላሸውን ለመመለስ ሲያስቡ ደግሞ መንገዱ ዝግ ነው፤ ያበጠና የተጎዳ ባትሪ በአየር ማጓጓዝ ክልክል ነው፤ ባይከለከል እንኳ ለአንድ ባትሪ የሚከፈለው የመላኪያ ዋጋ ከባትሪው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። የዋስትናው ሰንሰለት ኤርፖርት ላይ ይበጠሳል ማለት ነው። ሻጩ ለእኔ ስድስት ወር ሲሰጠኝ ከኋላው የሚደግፈው አምራች የለም፤ የሚለውጥልኝ ከራሱ ኪስ ነው።

በዚህ ላይ ምንዛሪው መጣ። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ሲያደርግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በአሮጌው ዋጋ ሸጦ በአዲሱ ዋጋ መተካት ያለበት ነጋዴ ምትኩን ከየት ይምረጥ? ከመደርደሪያው የኋላ ረድፍ፣ ከተመለሱት መካከል «ትንሽ ይሠራል» የሚባለውን ይመርጣል። የተሰጠኝ ምትክ እንዲህ ያለ ነበር ብዬ ማስረጃ ማቅረብ አልችልም፤ ነገር ግን ከአንድ ካርቶን የወጡ፣ አንድ ላይ የተመረቱና አንድ ላይ የተቀመጡ ባትሪዎች አንድ ዓይነት ጉድለት ቢኖራቸው ሊያስገርም አይገባም። በእንዲህ ያለ ሁኔታ መለወጥ ማለት ያንኑ ባትሪ በሌላ ቁጥር መቀበል ነው።

ስለ ኦርጅናል ባትሪም አንድ ነገር ልበል። የላፕቶፔ ሞዴል መመረት ካቆመ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ሻጩ «አዲስ ኦርጅናል ነው» ብሎ የሚያቀርብልኝ ባትሪ በእርግጥ የአምራቹ ከሆነ፣ አምራቹ ሞዴሉን በሚሠራበት ዘመን ተመርቶ ሲንከባለል የቆየ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፤ በእርግጥ ትናንት የተመረተ ከሆነ ደግሞ ሌላ ፋብሪካ የሠራው የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። የሊቲየም ባትሪ ሳይነካ ቢቀመጥም ያረጃል፤ በተለይ ሙሉ ሆኖ ሞቃት ቦታ ከተቀመጠ ፈጥኖ ያረጃል፤ ባዶ ሊሆን ሲል ተረስቶ ከቆየ ደግሞ ቮልቴጁ ከመጠን በላይ ወርዶ ሴሉ ይጎዳል። እኔ በበኩሌ በግልጽ ስሙን የጻፈና አቅሙን በትክክል የሚናገር ሌላ ፋብሪካ የሠራውን ባትሪ፣ የታዋቂ ኩባንያ ምልክት ከተለጠፈበት ምንጩ የማይታወቅ ባትሪ እመርጣለሁ። ይህም ቢሆን የሚሠራው ላፕቶፑ ከፈቀደ ነው፤ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ከወጡት የሌኖቮ ቲንክፓድ ሞዴሎች አንዳንዶቹ ባትሪውን ጠይቀው ካላወቁት ቻርጅ አያደርጉትም፤ ሻጩም ይህን ሲያይ «ላፕቶፕዎ ነው የተበላሸው» ይላል።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልመለስ። ሱቆች ዋስትናቸውን የሚሰጡት ቀን በእስክሪብቶ በተጻፈበት ስቲከር ነው፤ ስቲከሩ ባትሪው ላይ ይለጠፋል፤ ከተነሳ ወይም ካልተነበበ ዋስትናው ይቀራል። ባትሪ የሚሞቅ ዕቃ ነው፤ ላፕቶፕም ጉልበት ላይ የሚቀመጥና የሚታሽ ዕቃ ነው፤ የእስክሪብቶው ቀለም በሙቀትና በእሽታ ሊጠፋ እንደሚችል የማያውቅ ሻጭ ያለ አይመስለኝም። ከዚያ ደግሞ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» የሚለው ጥያቄ አለ፤ ያለ ደረሰኝ የሚገዛ ሰው 15 በመቶውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ያተረፈ ይመስለዋል፤ ጉድለት ሲገኝ ግን ከሱቁ መግዛቱን የሚያሳይ ምንም ነገር በእጁ የለም። እኔ ደረሰኝ ነበረኝ፤ ደረሰኙ ላይ የተጻፈው ግን «ባትሪ፣ 1» ብቻ ነው። አቅሙ አልተጻፈም፤ ሞዴሉ አልተጻፈም፤ ዋስትናውም አልተጠቀሰም።

ሕጉ እንኳ ከሱቁ ግድግዳ የተሻለ ይናገራል። ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ግን ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ከዚያ በፊት የነበረው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ የሸጠው ነገር ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ለገዢው ዋስ እንደሚሆን፣ ገዢውም የተረከበውን ሊመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ሊያስታውቅ እንደሚገባው ይናገራል። እዚህ ላይ «ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት» የምትለው ሐረግ ለባትሪ ገዢ ወርቅ ናት፤ መለወጥ ምንም በማይፈይድበት ቦታ ገንዘብን ይዞ ወደ ሌላ ሱቅ መሄድ ያስችላልና። ችግሩ 15 ቀን ለባትሪ አጭር መሆኑ ነው፤ ደካማ ባትሪ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ላይ ደህና መስሎ ይሰነብታል። ስለዚህ ጉድለቱ ራሱ እስኪገለጥ መጠበቅ አይበጅም፤ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ያስፈልጋል።

አሁን የማደርገው ይህንን ነው። ዊንዶውስ ውስጥ በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት የባትሪ ሪፖርት የሚያወጣ አጭር ትእዛዝ አለ፤ ሪፖርቱ ባትሪው ሲሠራ የታሰበለትን አቅም፣ አሁን ሲሞላ የሚይዘውን አቅምና በአንዳንድ ማሽኖች ላይ የዙሩን ቁጥር ይናገራል። መነሻ ይሆናል እንጂ ማስረጃ አይሆንም፤ የእኔ የመጀመሪያ ምትክ ባትሪ ሁለቱ አቅሞች እስከ መጨረሻዋ አኃዝ እኩል ነበሩ፤ ቺፗ የተጻፈባትን እየደገመች እንደነበር ያወቅኩት ባትሪው ከዳኝ በኋላ ነው። ስለዚህ ሰዓት ይዤ እለካለሁ። ባትሪው ሞልቶ ላፕቶፑ በሶኬት አንድ ቪዲዮ እያጫወተ ሳለ ከሶኬት የሚስበውን በኤሌክትሪክ መለኪያ አያለሁ፤ ቻርጀሩ ራሱ የሚያባክነውን ጥቂት ቀንሼ እይዛለሁ። ከዚያ ቻርጀሩን ነቅዬ፣ የስክሪኑን ብርሃን ሳልለውጥ፣ ላፕቶፑ እንዳያንቀላፋ አድርጌ ያንኑ ቪዲዮ እስኪጠፋ ድረስ አጫውታለሁ። በልባሱ ላይ 48 ዋት-ሰዓት የተጻፈበት ባትሪ 10 ዋት ለሚፈጅ ላፕቶፕ አምስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ እስኪቀረው መቆየት አለበት። ሁለት ሰዓት እንዳለፈ ድርግም ካለ የያዘው ከ20 ዋት-ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ ይህን ለመናገር የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ሲሊንደር ቅርጽ ያላቸው ሴሎች ያሉት አሮጌ ዓይነት ባትሪ ከሆነ በኩሽና ሚዛን መመዘንም አንድ ነገር ይነግራል፤ 18650 የሚባለው ሴል አንዱ 45 ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ ስድስት ሴል አለው የተባለ ባትሪ ከነልባሱ 200 ግራም ብቻ ቢሆን ውስጡ የተባለው ነገር የለም።

ይህን ውጤት ይዞ ወደ ሱቅ የሄደ ሰው ክርክሩ ይለወጥለታል፤ ያም ሆኖ አስረጂው እሱ ራሱ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሻጭ ለሸማች ቢያንስ የሁለት ዓመት ሕጋዊ ዋስትና አለበት፤ በመጀመሪያው ዓመት የታየ ጉድለትም ዕቃው ሲሸጥ እንደነበረ ስለሚቆጠር፣ አልነበረም የሚል ሻጭ ራሱ ያስረዳል። ዘመዶቻችን ከጀርመን ወይም ከስዊድን የሚያመጡልን ባትሪ ይህ ጥቅም ነበረው፤ ቦሌ ሲደርስ ግን መመለሻ ስለሌለው ዋስትናው ለእኛ ምንም አይሠራም። ከዚያ የሚመጣ አንድ መልካም ነገር ቢኖር፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የኅብረቱ የባትሪ ደንብ ከፌብሩዋሪ 2027 ጀምሮ ወደ ገበያ የሚገቡ ዕቃዎች ባትሪያቸው በተጠቃሚው በቀላሉ የሚወጣና የሚተካ እንዲሆን ማዘዙ ነው፤ እነዚያ ላፕቶፖች አገልግለው እኛ ጋ ሲደርሱ ቢያንስ ባትሪ ለመለወጥ ሙጫ ማቅለጥ አይኖርብንም።

በቅርቡ ሌላ ሱቅ ሄጄ ነበር። ዋጋውን ከተስማማን በኋላ ደረሰኙ ላይ ሦስት ነገር እንዲጻፍልኝ ጠየቅሁ፦ የባትሪው አቅም በዋት-ሰዓት፤ በዋስትናው ጊዜ ውስጥ የተለካው አቅም ከተጻፈው 80 በመቶ በታች ከሆነ ገንዘቤ እንደሚመለስ፤ ባትሪው ከተለወጠም የዋስትናው ጊዜ ከተለወጠበት ቀን እንደ አዲስ እንደሚቆጠር። ወጣቱ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ለአለቃው ደወለ። ከረጅም ንግግር በኋላ የመጀመሪያውን ለመጻፍ ተስማማ፤ በሁለተኛው ላይ «ገንዘቡ» የሚለው «ባትሪው» ይሁን ብሎ ተደራደረ። ሦስተኛውን ግን እምቢ አለ። «ጋሼ፣ እንደዚያ ከሆነ እኮ ዕድሜ ልካችንን ስንለውጥልዎት ልንኖር ነው» አለኝ። ባትሪውን አልገዛሁም።